ግራኑም፦ ስለ አንዲት የላቲን «ፍሬ» የሚወሩ ስህተቶች

ሮማውያን አንዷን የስንዴ ፍሬ «ግራኑም» ይሏት ነበር። ዘርም ማለት ነው፣ ቅንጣትም ማለት ነው። ከዚህች ቃል የወጡት ስሞች ብዙ ናቸው፤ ደረጃ ላይ የሚነጠፈው ግራናይት፣ የእጅ ቦምብ በፈረንጅ አፍ፣ ቁርስ ላይ የሚበላው ግራኖላ፣ ሌላም ሌላም። ችግሩ ስለ ቃሏ የሚወራው ግማሹ ልክ አይደለም። «ይህን ያውቃሉ?» እየተባለ የሚለጠፈው የቃላት ዝምድና አብዛኛው በድምፅ መመሳሰል ብቻ የተገጣጠመ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሮማን የተባለው ከሮም ስለመጣ ነው»

አይደለም። ስሙ ሴማዊ ነው። ዕብራይስጡ ሪሞን ይለዋል፣ ዐረብኛው ሩማን፣ ግዕዙም አማርኛውም ሮማን። ዘጸአት 28 ላይ በአሮን ቀሚስ ዘርፍ ዙሪያ ከወርቅ ሻኩራ ጋር እየተፈራረቀ የሚንጠለጠለው ይሄው ሮማን ነው፣ ከሮም ጋር አንዳች ጉዳይ የለውም።

የሚገርመው ሮማውያን ራሳቸው ፍሬውን የራሳቸው አላሉትም። «ማሉም ፑኒኩም» ነበር የሚሉት፣ የካርታጎ ፖም እንደማለት። ካርታጎ ደግሞ ዛሬ ቱኒዚያ ውስጥ የምትገኝ ጥንታዊ ከተማ ስትሆን ሮም ሦስት ጦርነት የገጠመቻት ጠላቷ ነበረች። ሌላው ስም «ማሉም ግራናቱም» ነው፣ ፍሬው የበዛ ማለት፤ የኛዋ ግራኑም የገባችው እዚህ ጋ ነው። በ1753 የስዊድኑ የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኒየስ ለተክሉ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ ሁለቱን አገጣጠመና «ፑኒካ ግራናቱም» አለው። ካርታጎ አለች፣ ፍሬም አለ። ሮም የለችም።

«ፖም አፕል ስለሆነ ሮማን የአፕል ዘመድ ነው»

ላቲኑ «ፖሙም» ማንኛውም የዛፍ ፍሬ ነው። ለአፕል ብቻ ያጠበቡት ፈረንሳዮች ናቸው። ጣሊያኖች ቲማቲምን «ፖሞዶሮ»፣ የወርቅ ፍሬ፣ ሲሉት አፕል መስሏቸው አይደለም፤ ትግርኛው «ኮሚደረ» ከዚያ የመጣ ነው። እንግሊዝኛው ፖምግራኔትም እንዲሁ «ፍሬያም ፍሬ» እንጂ የአፕል ዘመድ የሚያሰኝ ነገር የለውም።

«ግራኑም የትም ብትሄድ ትርጉሟ ያው እህል ነው»

ኧረ አይደለም! ሩማንያ ስትደርስ «ግርዑ» ሆነች፣ ስንዴ ብቻ ማለት። ጣሊያንም «ግራኖ» ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ስንዴ ነው፤ ወዲህ ግን «ግራና» የምትባል እህት አለቻት፣ በመንደር አነጋገር ገንዘብም ትሆናለች፣ ጣጣም ትሆናለች። ቅንጣት ቅንጣት የሚለው ግራና ፓዳኖ የተባለው አይብም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ስፔን ውስጥ «ፊቴ ላይ ግራኖ ወጣብኝ» ያለ ሰው ስለ እህል አያወራም፣ ብጉር ነው የወጣበት። ያው ሰውዬ «ግራኖ» ብሎ የቡና ፍሬም ሊጠራ ይችላል። ፈረንሳይ ደግሞ «የውበት ፍሬ» ብላ የምትጠራው ፊት ላይ ያለ ጥቁር ነጥብን ነው፣ እኛ ማርያም የሳመችው የምንለውን ዓይነት።

ፈረንሳይኛ ሁለት ቃል ይዞ መቅረቱም ምክንያት አለው። ላቲን ወንድም ሴትም ያልሆነ ሦስተኛ ጾታ ነበረው፣ የግራኑም ብዙ ቁጥር ደግሞ «ግራና» ነበር። ያ ጾታ ሲጠፋ ሕዝቡ በ«ኣ» የሚያልቀውን ብዙ ቁጥር አንዲት ሴት ቃል አድርጎ ወሰደው። ለዚህ ነው ፈረንሳዮች ዛሬ «ግሬን» ብለው ዘርን፣ በወንድ ጾታ ደግሞ «ግራን» ብለው ቅንጣትን የሚጠሩት። ቋንቋ አንዳንዴ ከስህተት ነው ሀብት የሚያፈራው።

«የእጅ ቦምብ ግሬኔድ የተባለው በከተማ ስም ነው»

በፍሬው ስም ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዮች ድቡልቡል ብረት ውስጥ ባሩድ ሞልተው በእጅ መወርወር ሲጀምሩ፣ መልኩም ውስጡ መሞላቱም ሮማን መሰላቸውና በፍሬው ስም «ግረናድ» አሉት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ይህን የሚወረውሩ ቁመተ ረጃጅምና ጠንካራ ወታደሮች ተመርጠው ግሬናዲየር ተባሉ። ለንደን ላይ ቤተ መንግሥት የሚጠብቁት ባለ ረጅም ጥቁር ቆብ ወታደሮች ውስጥ የግሬናዲየር ክፍል ይህን ስም ያገኘው በ1815፣ ከዋተርሎ ድል በኋላ ነው።

ሐሳቡ ከዚያ ወዲያ ወደ ሴማውያኑም ተሻገረ። እስራኤል የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ይህን ያውቀዋል፦ ገበያ ላይ «ሪሞን» ፍሬው ነው፣ ሠራዊት ውስጥ «ሪሞን ያድ» ቦምቡ ነው። ዐረቦችም «የእጅ ሮማን» ይላሉ። ፋርሶች ግን ሮማኑን ትተው «ናረንጃክ» አሉት፣ ትንሿ ብርቱካን እንደማለት። እኛ ከፍራፍሬው ጨዋታ ወጥተን በቃ የእጅ ቦምብ አልነው።

በነገራችን ላይ ግሬናዲን የሚባለው ቀይ ሽሮፕ መጀመሪያ ከሮማን ይሠራ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ጠርሙሶች ውስጥ ያለው ስኳርና ቀለም ነው፤ ጀርባውን አንብቡት።

«ግራናዳ ማለት የሮማን ከተማ ማለት ነው»

ስፔናዊውን ብትጠይቁት አዎ ይላችኋል። በስፔንኛ ግራናዳ ሮማን ነው፣ የከተማዋም ዓርማ ሮማን ነው፣ የስፔን መንግሥት ዓርማ ግርጌ ላይም ሮማን ተቀምጧል። ግን ፍሬው ዓርማው ውስጥ የገባው ነገሥታቱ በ1492 ከተማዋን ከያዙ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ዐረቦች «ገርናጣ» ሲሏት ኖረዋል፣ እነሱ ደግሞ ሮማንን ሩማን ነው የሚሉት። ከተማዋን በፍሬው ስም ሊጠሯት ቢፈልጉ ገርናጣ ለምን ይሏታል? ስፔኖች የሰሙትን ስም በራሳቸው ፍሬ ተረጎሙት፣ ከዚያ ዓርማ ሳሉበት፣ ዓርማው ደግሞ ለተረቱ ማስረጃ ሆነ።

ካሪቢያን ያለችው የግሬናዳ ደሴትም ስሟ የፍሬ አይደለም፣ የዚህችው የስፔን ከተማ ነው። ኮሎምቦስ በ1498 ሲያያት ያወጣላት ስም ሌላ ነበር፣ ሳይጸና ቀረ።

«ግራምም ከዚችው ቃል ነው»

ይህ በጣም የሚያሳምን ስህተት ነው። ግራኑም ትንሽ ነገር፣ ግራም ትንሽ ክብደት፣ ድምፁም አንድ አካባቢ። ግን ግራም ግሪክ ነው፣ «ግራማ»፣ የተጻፈ ነገር ወይም ፊደል ማለት። ኋላ ላይ የአንዲት ትንሽ ክብደት ስም ሆነ፣ ፈረንሳዮች በ1795 ለሜትሪክ መለኪያቸው ወሰዱት። ስለዚህ የኪሎግራም ዘመድ ስልካችሁ ላይ ያለው ቴሌግራም ነው፣ ስንዴው አይደለም።

የግራኑም ክብደት ሌላ ነው፣ እንግሊዞች «ግሬይን» የሚሉት። የአንዲት የገብስ ፍሬ ክብደት ተብሎ የተጀመረ ሲሆን ዛሬ በትክክል 64.79891 ሚሊግራም ነው። ሞቷል ብላችሁ እንዳታስቡ፤ የጥይት ክብደት አሁንም በእሱ ይነገራል። መድኃኒት ሳጥናችሁ ውስጥም አለ። አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከላችሁን አስፕሪን አንሡና ቁጥሩን እዩ፦ 325 ሚሊግራም። ለምን 300 አልሆነም? ለምን 350 አልሆነም? አምስት ግሬይን ስለሆነ ነው፣ 64.8 በ5 ሲባዛ 324 ይመጣል። የልብ ሕመምተኞች በየቀኑ የሚወስዷት ባለ 81 ደግሞ የዚያ ሩብ ነች። የድሮ ፋርማሲስቶች በፍሬ ሲመዝኑ የቀረ ቁጥር ነው፣ ማንም ሊያነሳው አልደፈረም።

ወርቅ ቤት የሚባለው ካራትስ? እሱም ፍሬ ነው፣ ግን የሌላ ቋንቋ ፍሬ። ግሪኮች የካሮብ ዛፍን ዘር «ኬራቲዮን» አሉት፣ ዐረቦች «ቂራጥ» አደረጉት፣ ከእነሱ ወደ አውሮፓ ተሻገረ። ይህም የራሱ ተረት አለው፦ የካሮብ ፍሬዎች ሁሉ ክብደታቸው እኩል ስለሆነ ነው የተመረጡት ይባላል። ሰዎች መዝነው አይተዋል፣ እንደማንኛውም ዘር አንዱ ከአንዱ ይለያያል። የዕንቁ ካራት 200 ሚሊግራም እንዲሆን የተስማሙት በ1907 ነው። የወርቁ 18ና 21 ካራት ደግሞ ክብደት አይደለም፣ ከ24 እጅ ስንቱ ንጹሕ ወርቅ እንደሆነ የሚነግር ነው።

«ኮርን ከግራኑም የተወሰደ ነው»

እንግሊዝኛው ኮርንና ግራኑም ወንድማማቾች እንጂ አባትና ልጅ አይደሉም። ላቲኑ በ«ገ» የሚጀምረውን የጀርመን ወገን ቋንቋዎች በ«ከ» ይጀምሩታል። ጉልበት በላቲን ጌኑ ነው፣ በጀርመንኛ ክኒ። ግራኑምና ኮርንም ከአንድ አያት ወርደው በዚሁ መንገድ ተለያዩ፤ የሩስያው ዜርኖ ሦስተኛው ነው። ኮርን በቆሎ ማለት የሆነውም አሜሪካ ነው። እንግሊዝ አገር ማንኛውም እህል ኮርን ነበር፤ ከውጭ በሚገባ እህል ላይ ቀረጥ የጣሉትን፣ በ1846 የተሻሩትን የኮርን ሕጎች «የበቆሎ ሕግ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ነገሩን ስቶታል፣ ዋናው ጭቅጭቅ ስለ ስንዴ ነበር።

«ቀዩ ቀለም ከዘር የሚወጣ ነው»

ይህን ስህተት የተሳሳተው መላው አውሮፓ ነው። በመካከለኛው ዘመን ውድ የሆነው ቀይ ጨርቅ የሚነከረው «ግራና» በሚባል ነገር ነበር። ኦክ ከሚባለው ዛፍ ወገን ከሆነ ቁጥቋጦ ላይ የሚለቀም፣ ደርቆ ድብልብል ያለ፣ በእጅ ሲዘገን እውነትም ፍሬ የሚመስል። ፍሬ ግን አልነበረም፣ እንስት ነፍሳት ናቸው። ዐረቦቹ ቂርሚዝ ነበር የሚሉት፣ ቃሉ በፋርስኛ ትል ከሚለው የመጣ ነው፤ ማለትም ትክክለኛው መልስ ስሙ ውስጥ ነበረ። ቀለሙ አንዴ ከያዘ ስለማይለቅ፣ እንግሊዞች ሥር የሰደደ ጠባይን እስከዛሬ «በግሬይን የተነከረ» በሚል ቃል ይገልጹታል።

ከዚያ ስፔኖች ከሜክሲኮ የበለጠ ጠንካራ ቀይ አመጡ፣ ከብር ቀጥሎ ትልቁ ሀብታቸው ሆነ። እሱንም «ግራና» አሉት። ዘር ነው ወይስ ነፍሳት የሚለው ክርክር ለረጅም ጊዜ አላበቃም፤ ሆላንዳዊው ተመራማሪ ሌቨንሁክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በማይክሮስኮፑ እግሩን አይቶ ነፍሳት መሆኑን እስኪያረጋግጥ ድረስ። ይህ ነፍሳት ኮቺኒል ይባላል፣ የሚኖረው በለስ (ቁልቋሉ) ላይ ነው። ትግራይ ያሉ ገበሬዎች ከማንም በላይ ያውቁታል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለቀለም ንግድ ተብሎ ወደ ደቡብ ትግራይ ገባ፣ ከቁጥጥር ወጣ፣ የበለሱን ማሳ እየበላ ተስፋፋ። ቅጠሉ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ይታያል፤ በጣት ሲጨፈለቅ እጅ ደም የነካው ይመስላል። ከረሜላና ሊፒስቲክ ላይ ኢ120 የሚል ካያችሁ ያው እሱ ነው፣ ከእንስሳ የተገኘ ነገር የማይነካ ሰው ይወቀው።

«የአክሱም ሐውልት ግራናይት ነው»

ግራናይት ጣሊያንኛ ነው፣ «ግራኒቶ»፣ ቅንጣት ቅንጣት ያለ ድንጋይ። ወርቅ ሠሪዎች ኳሷን በክር ላይ የሚያያይዙበት ፊሊግራን የተባለው ሥራም «ክርና ፍሬ» ማለት ነው። ሐውልቱን ግን የቱሪስት ጽሑፍ ሁሉ ግራናይት ይለዋል። ከሮም በ2005 ተመልሶ በ2008 የቆመው 24 ሜትሩም ሆነ ወድቆ የቀረው ትልቁ የተጠረበበት ድንጋይ ኔፌሊን ሳየናይት ይባላል። ቅንጣቱ ሲያዩት ግራናይት ይመስላል፣ ግራናይት ግን ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን ከሌለበት ግራናይት አይሆንም፣ ይህኛው ደግሞ ኳርትዝ የለውም። የተፈለጠው ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ካለው ጎቦ ድራ ነው፤ ጠራቢዎቹ በመስመር የቆፈሯቸው ጉድጓዶች ድንጋዩ ላይ አሁንም ይታያሉ።

የቀሩት ቶሎ ያልፋሉ

ግራንድ ሆቴል የሚለው ግራንድ የግራኑም አይደለም፣ ትልቅ ማለት ከሆነው «ግራንዲስ» ነው። ግራኖላ ግን የግራኑም ነው፦ በ1863 አንድ አሜሪካዊ ሐኪም «ግራኑላ» ብሎ የጀመረውን ኬሎግ ቀድቶ በዚያው ስም ሸጠ፣ ኋላ አንዲት ፊደል ለውጦ ግራኖላ አደረገው። ሴሚናር ደግሞ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ስብሰባ ስለሆነ አይደለም ሴሚናር የተባለው። ላቲን ለዘር ሌላ ቃል ነበረው፣ «ሴሜን»፤ «ሴሚናሪዩም» ችግኝ የሚፈላበት መደብ ነበር፣ የቄስ ትምህርት ቤቱም ስም ከዚያ ነው። ሴሚ ፋይናል ላይ ያለው ሴሚ ሌላ ነው፣ እሱ እውነትም ግማሽ ነው።