«ዳንስ የሴት ነው» እና ወንዶችን ከክላሱ ያስቀሩ ሌሎች ወሬዎች

አዲስ አበባ ውስጥ ወደ አንዱ ጂም ከሥራ ሰዓት በኋላ ጎራ በሉ። ብረት ያለበት ክፍል በወንድ ጢም ብሏል። ቤንች ላይ ለመተኛት ወረፋ አለ። ከመስታወቱ ወዲያ ኤሮቢክስ ወይም ዙምባ የሚባለው በሙዚቃ የሚሠራ የዳንስ ስፖርት እየተሠራ ነው፤ እዚያ ደግሞ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ከፊት ቆሞ የሚያሠራው አሰልጣኝ ግን ብዙ ጊዜ ወንድ ነው። ይህን ልብ የሚል የለም። ወንዶቹ ውሃቸውን እየጠጡ በዚያ በኩል ሲያልፉ አንዳንዱ ይስቃል፤ የአንዳንዱ እግር ሳያውቀው ምቱን ይከተላል። መግባት ግን ሼም ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ በሩ ላይ የሚመልሳቸው ወሬ ነው። ማንም ያላጣራው፣ እየተቀባበልነው የመጣ ወሬ። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«ዳንስ የሴት ስፖርት ነው»

ዙምባን የጀመረው አልቤርቶ ፔሬዝ የሚባል ኮሎምቢያዊ ነው። የካሊ ከተማ ልጅ ነው፤ «ቤቶ» ይሉታል። በ1990ዎቹ ኤሮቢክስ ሲያሠራ አንድ ቀን የክላሱን ሙዚቃ ረስቶ ይመጣል። አብሮት የነበረውን የሳልሳና የሜሬንጌ፣ የላቲን አሜሪካ የዳንስ ሙዚቃ፣ ካሴት ከፈተና እንደመጣለት አስጨፈራቸው። ተማሪዎቹ ወደዱለት። በኋላ ማያሚ ገብቶ በ2001 ከሁለት ሸሪኮቹ ጋር ኩባንያ መሠረተ። ሁለቱም ወንዶች ናቸው። የሚገርመው ደግሞ የሁለቱም ስም አልቤርቶ ነው።

ከዚያ በፊት በ1968 ኤሮቢክስን፣ ማለትም ልብና ሳንባን የሚያሠራውን እንቅስቃሴ፣ ለሕዝብ ያስተዋወቀው ኬኔት ኩፐር የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም ነበር። የሠራውም ወታደሮችን እየፈተነ ነው። በዓመቱ ጃኪ ሶረንሰን የምትባል ሴት ሐሳቡን ወደ ዳንስ አመጣችው፤ ፖርቶ ሪኮ ባለ የአየር ኃይል ሰፈር ለወታደሮቹ ሚስቶች ክላስ ከፈተች። «የሴት ነው» የሚባለው እንግዲህ መነሻ የለውም ማለት አይቻልም። ግን መነሻው ማን ቀድሞ ክላስ ውስጥ ገባ የሚለው እንጂ የሰውነት ጉዳይ አይደለም። የወንድም ልብ የሴትም ልብ ሙዚቃ ሲከፈት የሚመታው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ወሬው ጭራሽ አይገባኝም። ጎጃምና ጎንደር እስክስታ ሲወርድ ወንድ ወደኋላ ይላል? የጉራጌ ጭፈራ ሲፈጥን ላብ በላብ የሚሆነው ማነው? የፉከራውና የሽለላው ዝላይስ? ሰርግ ላይ ኮቱን አውልቆ፣ ክራቫቱን አላልቶ እስከ እኩለ ሌሊት ሲጨፍር ያመሸ ሰውዬ ሰኞ ጂም ሲገባ «ዳንስማ የሴት ነው» ይላል። ኧረ ተው!

ወንድነትን ይቀንሳል ለሚሉት ደግሞ ዩክሬናዊውን ቦክሰኛ ቫሲል ሎማቼንኮን ልጥራ። አባቱም አሰልጣኙም የሆነው አናቶሊ ልጁን ገና በልጅነቱ ከቦክስ አውጥቶ የአገሩን ባህላዊ ጭፈራ እንዲማር አድርጎታል። ያ ልጅ አድጎ በ2008 ቤጂንግ፣ በ2012 ደግሞ ለንደን ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። ስለ እሱ ሲወራ እስከ ዛሬ ቀድሞ የሚነሳው የእግሩ አረማመድ ነው። የቀድሞው የማንቸስተር ዩናይትድ ተከላካይ ሪዮ ፈርዲናንድም ልጅ ሳለ ባሌት ተምሯል። የዩናይትድ ደጋፊ የሆነ ጓደኛ ካላችሁ ይህችን ንገሩት።

«ቀላል ነው፤ ላብ እንኳ አያወጣም»

ይህን የሚለው ሰው ወይ አልሞከረውም፣ ወይ ከኋላ ቆሞ እጁን ግማሽ መንገድ እያነሳ ነው የሠራው። የዳንስ ክላስ ክብደቱን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ጉልበታችሁን ምን ያህል ታጥፋላችሁ? እጃችሁ ከትከሻ በላይ ይወጣል? ሲዘለል ትዘላላችሁ ወይስ ትራመዳላችሁ? አንዱ ክላስ ለአንዱ ሽርሽር፣ ለሌላው ፍዳ ሊሆን ይችላል።

በአሜሪካ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ላ ክሮስ የተሠራና በ2012 የወጣ ጥናት አለ። 19 ወጣቶች ዙምባ እየሠሩ ተለኩ። የልብ ምታቸው በአማካይ ከከፍተኛው 80 በመቶ አካባቢ ደረሰ። በደቂቃ 9.5 ካሎሪ ያህል አቃጠሉ። የተለኩት ሁሉም ሴቶች ስለሆኑ ቁጥሩን እንዳለ ለወንድ መገልበጥ አይቻልም። ነገር ግን ከበድ ያለ ሰውነት ለተመሳሳይ እንቅስቃሴ የበለጠ ጉልበት ነው የሚያወጣው። 85 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ያንኑ ክላስ ሳያታልል ከሠራ የካሎሪው ቁጥር ዝቅ የሚልበት ምክንያት የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። በሳምንት ሦስት ጊዜ 50 ደቂቃ የሚሠራ ሰው ሒሳቡን ሞላ ማለት ነው። መካከለኛ ይሁን ጠንካራ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። እየሠራችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ መካከለኛ ነው። ጥቂት ቃል ተናግራችሁ ትንፋሽ ካጠራችሁ ጠንካራ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለዕረፍት የመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቢያለከልክ አይፈረድበትም። ቀስ ይበል።

«ብረት ካነሳሁ ይበቃኛል»

ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ለመንቀል የሚያስቸግረው። ጡንቻ ማጠንከር ያስፈልጋል። ያው መመሪያ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ይላል። ዳንስ ደረት አያወጣም፤ ክንድም አያወፍርም። ያወጣል የሚል አሰልጣኝ ካለ እያሻሻጠ ነው።

ግን እስቲ ብረት ክፍል ውስጥ የሚሆነውን እንይ። አንድ ዙር ይነሳል። ከዚያ ስልክ ይወጣል። ስለ ትናንቱ ጨዋታ ይወራል። ሁለተኛው ዙር ይመጣል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ልብ የሠራችበት ጊዜ ሲሰላ ጥቂት ነው። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ቀስ ብለው ወደ ብዙ ቤት እየገቡ ባሉበት በዚህ ዘመን፣ ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ ለሚውል ወይም መሪ ለሚይዝ ወንድ ደግሞ ይህች የልብ ሥራ ናት የጎደለችው።

ሌላም ነገር አለ፣ እኔ ዋናው የምለው። ትሬድሚል ወደፊት ብቻ ነው የሚያስኬደው። አብዛኛው የብረት እንቅስቃሴ ቆሞ ወይም ተቀምጦ በአንድ መስመር የሚሠራ ነው። ዳንስ ወደ ጎን ያስኬዳል፣ ያዞራል፣ ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያሻግራል፣ ዳሌን ከትከሻ ለይቶ ያንቀሳቅሳል። ሰው ደግሞ ኑሮው ላይ የሚደናቀፈው ሲዞርና ወደ ጎን ሲረግጥ ነው። ጭቃ ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ ከታክሲ ሲወርድ። ደረቱ የተነፋ፣ ግን ጎንበስ ብሎ የጫማ ማሰሪያውን ማሰር የሚከብደው ጎረምሳ አላያችሁም?

«ጡንቻዬን ያጠፋብኛል» ብሎ የሚሰጋም አለ። በሳምንት ሁለት ሦስት ክላስ፣ ብረቱን ካልተዋችሁና በደንብ ከበላችሁ፣ ጡንቻ አያጠፋም። በፆም ወቅት ምስሩንና ሽሮውን፣ ባቄላውንም ሳትሰስቱ ብሉ። እግር የምትሠሩበትን ቀንና የዳንሱን ቀን አታጋጩ፤ በማግስቱ ደረጃ መውረድ መከራ ይሆናል።

«ቦርጭ በአንድ ወር ያጠፋል»

ይህ ወሬ ከክላሱ ደጋፊዎች ነው የሚመጣው። ወገብ በማሽከርከር የወገብ ስብ ለብቻው አይቃጠልም። ሰውነት ስብን ከየት ልቀንስ ብሎ እኛን አያማክርም። ከክላስ ወጥቶ ሁለት ድራፍትና አንድ ኪሎ ጥብስ የሚያዝ ሰው ደግሞ ያወጣውን ወዲያው መልሶታል፤ ትርፍም አለው።

ላስቲክ ወይም ወፍራም ጃኬት ለብሶ መሥራት ለምን እንዳልቀረ አይገባኝም። የሚወጣው ውሃ ነው። ሚዛን ላይ የቀነሰው ኪሎ ኮዳው ሲጠጣ ይመለሳል። ትርፉ ማዞርና ራስ ምታት ነው።

እውነታው ግን ከሚዛኑ የተሻለ ነው። አዘውትሮ ልብን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ኪሎ ብዙ ሳይቀንስ እንኳ ሆድ ዕቃ ዙሪያ የተከማቸውን አደገኛ ስብ ይቀንሳል። የደም ግፊትን ያወርዳል፤ ሰውነት ስኳርን የሚጠቀምበትን መንገድ ያሻሽላል። ለደም ስር የሚበጅ ነገር ደግሞ መኝታ ቤት ውስጥም ይበጃል። ጋዜጣ ላይ «ለስንፈተ ወሲብ» ተብሎ ለሚተዋወቀው ዱቄት ብር ከመክፈል በፊት ይህን ማሰብ ነው።

«እኔ እግሬ አይታዘዝም»

የብዙዎቻችን እውነተኛ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ሌላው ሁሉ ሽፋን ነው።

ክላሱ ውድድር አይደለም። እንቅስቃሴዎቹ አጫጭር ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ስምንት እየተቆጠሩ ይደጋገማሉ። አዝማቹ ሲመለስ እነሱም ይመለሳሉ። መጀመሪያ እግሩን ብቻ ያዙ፤ እጁን ለሚቀጥለው ሳምንት ተዉት። የጠፋባችሁ ጊዜ ባላችሁበት እየረገጣችሁ ጠብቁ። ልብ አካሄዳችሁ ማማሩን አታውቅም፤ መንቀሳቀሳችሁን ብቻ ነው የምትቆጥረው። አንድ ምክር ልጨምር፦ አፍራችሁ መጨረሻው ረድፍ ላይ አትቁሙ። ክላሱ ፊቱን ያዞረ ዕለት የመጀመሪያው ረድፍ እናንተ ትሆናላችሁ! መሐል ይሻላል፤ በየትም ቢዞር የምታዩት ሰው አለ።

ደግሞ መሳሳቱ ራሱ ጥቅም አለው። እንቅስቃሴ እያስታወሱ፣ ምት እየሰሙ፣ የፊተኛውን ሰው እያዩ መሥራት አእምሮን ሥራ ያስይዛል። በ2003 በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ 469 ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሎ ነበር። ከተጠየቁት የአካል እንቅስቃሴዎች ውስጥ የመርሳት በሽታ ከመቀነሱ ጋር ተያይዞ የተገኘው ዳንስ ብቻ ነው። ይህ ዳንስ በሽታውን ይከላከላል የሚል ማረጋገጫ አይደለም፤ ጤነኛ የሆነ ሰው ስለሆነ ይሆናል መጀመሪያውኑ የሚደንሰው። ቢሆንም አይናቅም።

«ብቻዬን ብሮጥ አይሻልም?»

ሩጫ ደስ ካላችሁ ሩጡ፤ አገሩ የሩጫ ነው። ብዙ ወንድ ግን ለሁለት ሳምንት በንጋት ይነሳና በሦስተኛው ብርድ ልብስ ይረታዋል። በ2015 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ብራዚል ውስጥ 264 ተማሪዎችን አስደንሰው ነበር። እኩል በአንድ ምት የተንቀሳቀሱት ሕመም የመቻል አቅማቸው ጨምሮ፣ እርስ በርስ መቀራረባቸውም ከፍ ብሎ ተገኘ። ክላስ ውስጥ ሃምሳ ደቂቃ ሳይታወቅ የሚያልቀው ለዚህም ይሆናል። በዚያ ላይ ስትቀሩ «የት ጠፋህ?» የሚል ሰው አለ።

«ወንድ እዚያ የሚገባው ሴት ለማየት ነው»

እንዲህ የሚያደርግ የለም አልልም። ለዚህም ነው ጨዋውም የሚያፍረው። መፍትሔው ቀላል ነው። ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ፤ ቪዲዮ አይነሳ። ዓይን አሰልጣኙ ላይ ይሁን። ካልተጠየቃችሁ ማንንም አታርሙ።

«ጉልበት ይጨርሳል»

ጉልበት የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በጫማና በወለል ነው። ብዙ ቤቶች ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ላይ ነው የሚያሠሩት። ከተቻለ እንጨት ወይም ላስቲክ የተነጠፈበትን ምረጡ። የሩጫ ጫማ ሶሉ ወለሉን አጥብቆ ይይዛል፤ እግር ቆሞ ሰውነት ሲዞር ጫናው ጉልበት ላይ ያርፋል። ወደ ጎን ለመንቀሳቀስ የሚመች፣ ሶሉ ብዙም ያልወፈረ ጫማ ይሻላል። ዝላዩን በእርምጃ መተካት ደግሞ ይቻላል፤ ማንም አይቆጣም።

«ለወጣት ነው፤ እኛስ አለፈብን»

በተቃራኒው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ይላል። በዚያ ዕድሜ ወድቆ ዳሌ መስበር ቀላል ነገር አይደለም። ጋሼዎች በዝግታ የሚሠራውን ክላስ ይጠይቁ። አሰልጣኙ ፊት «ጉልበቴን ያመኛል» ማለት ነውር የለውም።

ሲንቀሳቀስ ደረቱን የሚያመው፣ የሚያዞረው ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው መጀመሪያ ሐኪም ያማክር። የደም ግፊት መድኃኒት ከሚወስዱት መካከል ቤታ ብሎከር የሚባለውን ዓይነት የሚወስድ ደግሞ የእጅ ሰዓቱ በሚያሳየው የልብ ምት አይመራ። መድኃኒቱ ምቱን ዝቅ አድርጎ ስለሚይዘው ሰዓቱ «ገና ነህ» ይለዋል፤ እሱ ግን ደክሞ ይሆናል። ማውራት መቻል አለመቻሉን ቢያይ ይሻለዋል።