መስኮቱ ሲደበቅ ስክሪፕቱ ለምን ጠባዩን ይቀይራል?

ጥቁሩ የኮንሶል መስኮት እየታየ ያለ እንከን ይሠራ የነበረ የፓይተን ስክሪፕት (በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ አጭር ፕሮግራም)፣ መስኮቱ እንዲደበቅ በተደረገ ማግስት ሥራውን ያቆማል። የሚያስከፋው መቆሙ ብቻ ሳይሆን ድምፁን አጥፍቶ መቆሙ ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት የሚነገረው ደግሞ አብዛኛው ስሕተት ነው።

«መስኮቱን መደበቅ መልኩን እንጂ አሠራሩን አይለውጥም።»

የሌላው ስሕተት ሁሉ ሥር ይህ ነው። በዊንዶውስ ላይ ፓይተንን ያለ መስኮት የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ማለትም በስሙ መጨረሻ ደብልዩ የተጨመረበት፣ ለስክሪፕቱ ኮንሶል ጨርሶ አይሰጠውም። የውጤትና የስሕተት መውጫዎቹ ባዶ ናቸው። ጽሑፍ የሚያወጣው የፓይተን ትእዛዝ «ፕሪንት» መውጫው ባዶ መሆኑን ሲያይ ምንም ሳይል ያልፋል፤ በቀጥታ ወደ መውጫው የሚጽፍ ትእዛዝ ግን እዚያው ይወድቃል። ስለዚህ የራስዎ ኮድ ደኅና ሆኖ ሳለ፣ ሥራው ስንት በመቶ እንደደረሰ የሚያሳይ የሌላ ሰው ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የተሰጠ ኮድ) ሊጥለው ይችላል። የውድቀቱ መልእክትም መውጫ ስለሌለው አብሮ ይጠፋል። «ስሕተት አላሳየኝም» የሚል ሰው፣ የት ላይ እንዲያሳየው እንደጠበቀ ራሱን ይጠይቅ።

«ውጤቱን ወደ ፋይል ካዞርሁት ነገሩ አለቀ።»

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ገና ነው። ከፓይተን 3.6 ጀምሮ ፊደላችን በዊንዶውስ ኮንሶል ላይ በዩኒኮድ ያልፋል (ቅርጸ ቁምፊው ካልደገፈው ሳጥን ሆኖ ቢታይም ስክሪፕቱ አይወድቅም)። ፋይል ሲከፈት ግን፣ ኢንኮዲንጉ (ፊደል ወደ ቁጥር የሚቀየርበት ሥርዓት) ካልተገለጸለት፣ ፓይተን እስከ 3.14 ድረስ የኮምፒውተሩን የአካባቢ ኢንኮዲንግ ይወስዳል። ይህ በብዙ ማሽኖች ላይ 1252 የሚባለው የላቲን ፊደላት ኢንኮዲንግ ነው፤ በውስጡም አንድም የግዕዝ ፊደል የለም። ሥራው ሁሉ ተሠርቶ፣ «ሪፖርቱ ተጠናቅቋል» የምትለዋን መስመር ሊጽፍ ሲል ይወድቃል። ፋይሉን ሲከፍቱ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 ብለው ይግለጹ፤ የፋይሉንም አድራሻ ከድራይቩ ጀምሮ ሙሉውን ይጻፉ።

ሙሉ አድራሻ የሚያስፈልገው «በእጄ ሳስነሳው ከሠራ በታስክ ሼጁለርም ይሠራል» የሚለው እምነት እውነት ስላልሆነ ነው፤ ታስክ ሼጁለር ፕሮግራሞችን በተያዘላቸው ሰዓት የሚያስነሳ የዊንዶውስ መሣሪያ ነው። መነሻ ማኅደሩ ባዶ ከተተወ ስክሪፕቱ ሲስተም 32 ከሚባለው የዊንዶውስ የራሱ ማኅደር ውስጥ ይነሳል፤ «እዚሁ አጠገቤ ያለው ፋይል» የሚለውንም እዚያ ይፈልጋል። ተጠቃሚው ባይገባም እንዲሠራ ከታዘዘ ደግሞ የሚሠራው ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ከጀርባ ለሚሠሩ አገልግሎቶች በተለየው፣ ሴሽን ዜሮ በሚባለው ክፍል ውስጥ ነው። እርስዎ ዜድ ብለው ያገናኙት የኔትወርክ ድራይቭ እዚያ የለም፤ የሰርቨሩን ስም የያዘ ሙሉ መንገድ ይጠቀሙ።

«ብዙ ከቆየ ብዙ ሥራ እየሠራ ነው።»

ወይም በተደበቀ መስኮት ውስጥ «ለመቀጠል ማንኛውንም ቁልፍ ይጫኑ» እያለ ቆሟል። ታስክ ሼጁለር በነባሪ ቅንብሩ 3 ቀን ይታገሠዋል።

«ዜሮ ከመለሰ ተሳክቷል።»

ፕሮግራም ሲያልቅ የሚመልሰው ዜሮ «ያለ ስሕተት አለቀ» ማለት ነው። ግን ብዙዎች መስኮቱን የሚደብቁት ዋናውን ስክሪፕት በሚጠራ ትንሽ የቪቢ ስክሪፕት (የዊንዶውስ የስክሪፕት ቋንቋ) መጠቅለያ ነው። «ራን» የሚለው ትእዛዝ ሦስተኛው መለኪያው «እውነት» ካልተደረገ የጠራውን አይጠብቅም፤ አስነሥቶት ዜሮ መልሶ ይሄዳል። ሲጠብቅም የተቀበለውን ኮድ በመውጫው ላይ እንዲያስተላልፍ ካልታዘዘ፣ ለታስክ ሼጁለር የሚደርሰው ያው ዜሮ ነው።