ሉዊቪልና ኬንተኪ፦ የአንድ ግዛት ሁለት ቡድኖች

የሉዊቪል ዩኒቨርሲቲና የኬንተኪ ዩኒቨርሲቲ በአሜሪካ ኬንተኪ ግዛት የሚገኙ ሁለት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። የቅርጫት ኳስ ቡድኖቻቸው ካርዲናልስ እና ዋይልድካትስ ይባላሉ። ካርዲናልስ ቀይ ይለብሳል፣ ዋይልድካትስ ሰማያዊ። አንዱ በግዛቱ ትልቁ ከተማ በሉዊቪል ነው፤ ሌላው በሌክሲንግተን። መንገዱ በመኪና ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም።

ግዛቱ በኤንቢኤ፣ ማለትም በአሜሪካ ትልቁ የፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ቡድን የለውም። ኬንተኪ ኮሎኔልስ የሚባል ፕሮፌሽናል ቡድን ነበረ፣ በ1976 ፈረሰ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ የሕዝቡ ልብ ያለው ከእነዚህ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ነው። ኬንተኪ ስምንት ጊዜ የአገር ሻምፒዮን ሆኗል። ሉዊቪል በ1980፣ በ1986 እና በ2013 ዋንጫ አንስቷል። የመጨረሻው ኋላ ላይ ተሰርዟል፤ እሱን ከታች እናነሳዋለን።

አልጫወትም የተባለበት ዘመን

መጀመሪያ የተገናኙት በ1913 ሲሆን ኬንተኪ 34 ለ 10 አሸነፈ። እስከ 1922 አልፎ አልፎ ተጫወቱና ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ በመደበኛው የውድድር ዘመን አንድም ጊዜ ሳይገናኙ 61 ዓመት አለፈ። የሁለቱ ደጋፊዎች ይጋባሉ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ይውላሉ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ቡድኖቻቸው ግን አይጫወቱም። ይህን ተቀናቃኝነት ከሌላው የሚለየው ይኸው ነው። ጥላቻው የጋመው በጨዋታ አይደለም፣ ጨዋታ በመከልከል ነው።

የከለከለው ኬንተኪ ነበር። ከ1930 እስከ 1972 ቡድኑን የመሩት አዶልፍ ራፕ አራት የአገር ዋንጫ ያመጡ ሰው ናቸው። ከግዛቱ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ላለመጫወት ወስነው ነበር። ስሌቱ ግልጽ ነው፦ ቢያሸንፉ የሚጨምርላቸው ነገር የለም፤ ቢሸነፉ ግን የግዛቱ ጌታ መባሉ ይቀራል። የተኳቸው ጆ ቢ. ሆልም በዚያው ቀጠሉ። ሉዊቪሎች ይህን ፍርሃት ይሉታል። ሌክሲንግተን ላይ ሲወራ ደግሞ ከታናሽ ጋር አለመጋፋት ነው። ሁለቱም የየራሱ እውነት ሳይኖረው አይቀርም።

ማምለጥ ያልተቻለው በብሔራዊ ውድድር ዕጣ ሲያገናኛቸው ብቻ ነበር። በ1948 የኦሊምፒክ ማጣሪያና በ1951 ኬንተኪ አሸነፈ። በ1959 ግን ነገሩ ተገለበጠ። ኬንተኪ የዋንጫው ባለቤትና በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የተቀመጠ ቡድን ነበር። ሉዊቪል ከኋላ ተነሥቶ 76 ለ 61 ረታው። የዚያ ዓመት የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ውድድር የተካሄደው እዚያው ሉዊቪል፣ ፍሪደም ሆል ውስጥ ነበር። ካርዲናልስም በገዛ ከተማው ተገኘ።

የጥቁር ተጫዋቾች ጉዳይም ሳይነሣ አይታለፍም። ሉዊቪል በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዌድ ሂውስተንንና ጓደኞቹን አስፈርሞ በሩን ከፈተ። ኬንተኪ የመጀመሪያ ጥቁር ተጫዋቹን ቶም ፔይንን ያሰለፈው በ1970 ነው። የሉዊቪል ከተማ ልጅ የሆነውን ዌስ አንሰልድን ኬንተኪም ፈልጎት ነበር፤ እሱ ግን የከተማውን ዩኒቨርሲቲ መረጠ። ዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖር አበሻ ስሙ አዲስ አይሆንም፤ የ1978ቱን የኤንቢኤ ዋንጫ ለዋሽንግተኑ ቡድን ለቡሌትስ ካመጡት አንዱ ነው። ራፕ በራሳቸው ፈቃድ ነው የዘገዩት ወይስ የደቡብ ግዛቶች ሊግ ጫና ነው የሚለው ዛሬም ያከራክራል።

የሕልሙ ጨዋታ፣ 1983

አሰልጣኝ ዴኒ ክረም በ1971 ሉዊቪልን ከያዙ በኋላ እንጫወት የሚለው ጥያቄ በረታ። በ1982 ብሔራዊ ውድድር ላይ ዕጣው ምቹ ነበር። ኬንተኪ አንድ ጨዋታ ቢያሸንፍ ሉዊቪል እየጠበቀው ነበር። ግን በሚድል ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ቡድን 50 ለ 44 ተሸንፎ ቀረ። ደጋፊው አንድ ዓመት ጨምሮ ጠበቀ።

በማርች 1983 ሁለቱም ኖክስቪል፣ ቴነሲ ደረሱ። ሉዊቪል አርካንሳስን 65 ለ 63፣ ኬንተኪ ደግሞ ኢንዲያናን 64 ለ 59 አሸነፉ። ማርች 26 ተፋጠጡ። የሚያሸንፈው ከመጨረሻዎቹ አራት አንዱ ይሆናል። አገረ ገዢው ጆን ዋይ. ብራውን ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ሰማያዊ የሆነ ኮት ለብሰው መጡ። ያንን የፈረሰውን ኮሎኔልስን በባለቤትነት ይዘው የነበሩትም እሳቸው ናቸው።

የመጀመሪያውን አጋማሽ ኬንተኪ መራ። ከእረፍት በኋላ ካርዲናልስ ሜዳውን በሙሉ እየተጫነ ኳስ መንጠቅ ጀመረ። ላንካስተር ጎርደን፣ ሚልት ዋግነርና የማክሬይ ወንድማማቾች አላስተነፍስ አሉ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ሉዊቪል 62 ለ 60 እየመራ ነበር። የኬንተኪው ጂም ማስተር ከፊሽካው ጋር እኩል የለቀቃት ኳስ ገባች። 62 ለ 62።

በጭማሪው ሰዓት የሆነው ግን ሌላ ነው። ሉዊቪል በተከታታይ 14 ነጥብ አስቆጠረ። ኬንተኪ ምላሽ እስኪሰጥ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ውጤቱ 80 ለ 68 ሆነ። ሉዊቪል በግማሽ ፍጻሜው በሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ቡድን 94 ለ 81 ቢሸነፍም፣ በከተማው ስለዚያ ሽንፈት ብዙም አይወራም።

ከዚህ በኋላ እምቢታው አላዋጣም። የፖለቲከኞቹም ግፊት ተጨመረበትና ቡድኖቹ በየዓመቱ ሊጫወቱ ተስማሙ። ኖቬምበር 26፣ 1983 ኬንተኪ በሜዳው፣ ሌክሲንግተን በሚገኘው ራፕ አሬና፣ 65 ለ 44 አሸነፈ። በማርች 1984 እዚያው አዳራሽ ብሔራዊ ውድድሩ አገናኛቸውና 72 ለ 67 ደገመው።

ከዚያ ወዲህ

በጃንዋሪ 1995 ሳማኪ ዎከር 11 ኳስ አክሽፎ ሉዊቪል 88 ለ 86 አሸነፈ። በ2004 ደግሞ ፓትሪክ ስፓርክስ ከሰከንድ ያነሰ ሲቀር በቅጣት ምት ለኬንተኪ 60 ለ 58 ወሰነው።

ሌክሲንግተንን ከሁሉ ያስቆጡት አሰልጣኝ ሪክ ፒቲኖ ናቸው። በ1996 ለኬንተኪ ዋንጫ አምጥተው ወደ ቦስተን ሴልቲክስ ሄዱ። በ2001 ተመልሰው ሲመጡ የያዙት ሉዊቪልን ነው። በዚያው ዓመት ራፕ አሬና ሲገቡ ያ ሲዘምርላቸው የኖረ ሕዝብ እየጮኸ ተቀበላቸው፤ ኬንተኪም 82 ለ 62 አሸነፈ።

አሰልጣኝ ጆን ካሊፓሪ ኬንተኪን ሲይዙ ፉክክሩ ጫፍ ደረሰ። በ2012 ኒው ኦርሊንስ ላይ በግማሽ ፍጻሜ ተገናኙ። ከጨዋታው በፊት ጆርጅታውን በምትባል የኬንተኪ ከተማ፣ የኩላሊት እጥበት ላይ የነበሩ የ68 እና የ71 ዓመት አዛውንቶች በዚሁ ነገር ተጣልተው ቡጢ ደረሱ፣ ፖሊስም ተጠራ። ኬንተኪ 69 ለ 61 አሸንፎ ዋንጫውንም ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት ተራው የሉዊቪል ሆነ።

ያ የ2013 ዋንጫ በ2018 ተሰረዘ። ምክንያቱ አንድ የቡድኑ ሠራተኛ በተጫዋቾች ምልመላ የፈጸመው ጥፋት ነው። ጥፋቱ ጥፋት ነው። ሜዳ ላይ የታየውን ድል ግን ወረቀት ከደጋፊው አእምሮ አያወጣውም። በዲሴምበር 2012 ሉዊቪል ኬንተኪን 80 ለ 77 ያሸነፈበት ጨዋታም አብሮ ተሰርዟል። የጠቅላላ ድል ቁጥር ሲነሣ እንግዲህ ማን እንደቆጠረው ማየት ያስፈልጋል፤ በየትኛውም አቆጣጠር ግን ኬንተኪ በሰፊው ይመራል።

በ2021 ጨዋታው በኮቪድ ምክንያት ተሰርዟል። በ2024 ሁለቱም አዲስ አሰልጣኝ ያዙ። ሉዊቪል ፓት ኬልሲን አመጣ፤ ኬንተኪ የ1996ቱ ቡድን ተጫዋች የነበሩትን ማርክ ፖፕን ሾመ። በዚያው ዲሴምበር ኬንተኪ 93 ለ 85 አሸንፏል።