ስለ ዩኒቨርሳል ሪሞት የሚባለውና እውነታው

ጎንደር ውስጥ ፒያሳም ይሁን አራዳ ከሚገኝ ሱቅ ዩኒቨርሳል ሪሞት (ለተለያዩ ቲቪዎች እንዲሠራ የሚስተካከል ሪሞት) የገዛ ሰው ብዙ ሳይቆይ «አይሠራም» ብሎ ይመልሰዋል። ሪሞቱ ሲፈተሽ ብዙውን ጊዜ ምንም የለበትም፤ ከቲቪው ጋር የሚያግባባው ቁጥር፣ ማለትም ኮዱ፣ በትክክል ሳይገባ ነው የተመለሰው። እዚህ የተሰበሰቡት ሰውን ለዚህ የሚዳርጉ አባባሎች ናቸው።

«ቲቪው ላይ የተጻፈውን ስም ኮድ ካስገባሁ በቂ ነው»

ከሁሉም በላይ ገንዘብና ጊዜ የሚበላው ይሄ ነው። ሪሞት የሚልከው ዓይን የማያየውን የኢንፍራሬድ ብርሃን በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ነው። ምልክቱን የሚያነበው ቲቪው ውስጥ ያለው ቦርድ ነው እንጂ ፊቱ ላይ የተለጠፈው ስም አይደለም። አሠራሩ ከአምራች አምራች ይለያያል፦ ሶኒ በ40 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 40 ሺህ ብልጭታ)፣ አርሲ-5 የሚባለው የፊሊፕስ አሠራር በ36፣ ሌሎች ብዙዎቹ ደግሞ በ38 ኪሎኸርዝ ይሠራሉ። ኪሎኸርዙ ቢገጥም እንኳ ምልክቱ ውስጥ ያለው የአድራሻ ቁጥር ካልገጠመ ቲቪው ዝም ይላል። ስለዚህ የታወቀ ስም ተለጥፎበት ውስጡ የሌላ ፋብሪካ ቦርድ የሆነ ቲቪ የዚያን ስም ኮድ አይቀበልም። ዋናው ብራንድም ቢሆን በየዘመኑ ኮድ ይቀያይራል። ከሪሞቱ ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ ለአንድ ስም ብዙ ኮድ የተደረደረው ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያውን ሞክሮ ተስፋ መቁረጥ ተገቢ አይደለም።

ቁጥሩ አልገጥም ሲል የሚያዋጣው ሪሞቱ ኮዱን በራሱ እንዲፈልግ ማድረግ ነው። ከሞዴል ሞዴል ትንሽ ቢለያይም አብዛኞቹ ላይ አካሄዱ እንዲህ ነው። ቲቪውን በራሱ ቁልፍ ያብሩትና የዲሽ ሪሲቨሩን ከሶኬት ይንቀሉ፤ አለበለዚያ ሪሲቨሩ የራሱን ኮድ አግኝቶ መልስ ሲሰጥ ቲቪው የመለሰ ይመስልዎታል። ሪሞቱን ከ2 እስከ 3 ሜትር ርቀት ላይ ወደ ቲቪው ያነጣጥሩ። «ሴት» የሚለውን ቁልፍ ቀይዋ መብራት በርታ እስክትቀር ተጭነው ይያዙና ይልቀቁ። ከዚያ ድምፅ መጨመሪያውን እየተጫኑ ማያውን ይመልከቱ። የድምፅ መስመሩ ብቅ እንዳለ ወዲያው እጅዎን አንስተው «ሴት»ን ይጫኑ፤ ኮዱ ይያዛል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማብሪያ ማጥፊያውን ተጭኖ ይዞ ቲቪው ጠፍቶም እጁን አያነሳም፤ ሪሞቱ ወደ ቀጣዩ ኮድ ያልፍና ትክክለኛው ይጠፋል። በድምፅ ቁልፍ መፈለግ ይሻላል የምንለው ቲቪው ሳይጠፋ መስመሩ ስለሚታይ ነው።

ድምፁ ሠራ ማለት ግን አለቀ ማለት አይደለም። ማብሪያውን፣ ሜኑውን፣ ኦኬውን፣ በተለይም «ሶርስ»ን ይሞክሩ። ዲሽ ያለው ቤት ውስጥ ቲቪውን ወደ ኤችዲኤምአይ ወይም ወደ ኤቪ ለመመለስ ሶርስ ያስፈልጋል። ድምፁ ሠርቶ ሜኑው እምቢ ካለ ኮዱ በከፊል ነው የገጠመው፤ ፍለጋውን ይቀጥሉ። ይህን ሳይፈትሹ ሱቁን መውቀስ አይገባም።

«መብራት ሲሄድ ኮዱ ይጠፋል»

አይጠፋም። ኮዱ ያለው ሪሞቱ ውስጥ እንጂ ቲቪው ውስጥ አይደለም። መብራት ሲመለስ ቲቪው የማይታዘዝ ከመሰለ አንድ ሁለት ደቂቃ ከሶኬት ነቅለው መልሰው ይሰኩት። ኮዱን በእርግጥ የሚያጠፋው ባትሪ መቀየር ነው፤ በርካሾቹ ሪሞቶች ላይ በተለይ። ስለዚህ አዲሶቹን ባትሪዎች አስቀድመው ፈትተው ያዘጋጁ፤ አሮጌዎቹ ወጥተው ሳለ ምንም ቁልፍ አይንኩ፤ ውስጡ የቀረችው ጥቂት ኃይል ኮዱን የምትይዘው ለአፍታ ነው፣ ቁልፍ ሲነካ ደግሞ ትሟጠጣለች። ኮዱን በቁጥር ካስገቡ ቁጥሩን በባትሪው ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ጽፈው ይተዉት።

«ባትሪው ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ይነሳል»

ሙቀቱ ለጥቂት ጊዜ ነፍስ የሚዘራበት ያስመስላል፤ ኃይል ግን አይጨምርም፣ ባትሪው እንዲያፈስም ያደርጋል። የክረምቱ እርጥበት ሲታከልበት መገናኛው ስፕሪንግ ዝገት ይይዛል። ዝገቱን በጠንካራ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍገው በአልኮል ይጥረጉ፣ ሲደርቅ ባትሪ ያስገቡ። እያንዳንዱ ባትሪ ተለክቶ ከ1.2 ቮልት በታች ከሆነ ይጣል፤ አዲስና አሮጌ አያደባልቁ።

«ወድቆ ከተበላሸ አበቃለት»

የስልክዎን የፊት ካሜራ ይክፈቱና የሪሞቱን ጫፍ ወደ ካሜራው አዙረው ቁልፍ ይጫኑ። ሐምራዊ ብርሃን ብልጭ ካለ ሪሞቱ እየላከ ነው፤ ችግሩ ኮዱ ላይ ወይም ቲቪው ላይ ነው። የኋላው ካሜራ በብዙ ስልኮች ላይ ይህን ብርሃን ስለሚያጣራ አይታመንም። ባትሪው አዲስ ሆኖ ምንም ካልታየና ሪሞቱ ወድቆ ከነበረ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ቦርዱ ላይ ያለው ባለ 455 ኪሎኸርዝ ሬዞኔተር (የምልክቱን ፍጥነት የሚወስነው ዕቃ) ነው። ሴራሚክ ስለሆነ በውድቀት ይሰነጠቃል። በብየዳ የሚቀየር ትንሽ ዕቃ ነው። አንዳንድ ቁልፎች ብቻ ከሆኑ እምቢ ያሉት ደግሞ ሪሞቱን ከፍተው የላስቲኩን ጥቁር ነጥቦችና የቦርዱን ፊት በአልኮል በራሰ ጥጥ ይጥረጉ።

«ማንኛውም ስልክ ሪሞት ይሆናል»

አፕ ማውረድ ብቻ አይበቃም፤ ስልኩ ራሱ ኢንፍራሬድ መላኪያ ሊኖረው ይገባል። ብዙ የሻዎሚ ስልኮች አላቸው፣ አብዛኞቹ ሌሎች የላቸውም። ስማርት ቲቪ ከሆነ ግን በዋይፋይ ይቻላል፤ ስልኩና ቲቪው አንድ ኔትወርክ ላይ ከሆኑ ነው።

«ዩኒቨርሳል ከሆነ ሪሲቨሩንም ይቆጣጠራል»

የቲቪ ኮድ ብቻ የተጫነበት ሪሞት የሪሲቨርን ቋንቋ አያውቅም። ለሪሲቨር የሚያዋጣው ከሌላ ሪሞት የሚማረው ዓይነት ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ከአፕል ኩባንያ መሥራቾች አንዱ የሆነው ስቲቭ ዎዝኒያክ ከሌሎች ሪሞቶች የሚማር ሪሞት በ1987 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቅርቦ ነበር። ሁለቱን ሪሞቶች ፊት ለፊት 3 ሴንቲሜትር ያህል አራርቀው ጠረጴዛ ላይ ያስተኙና አንድ አንዱን ቁልፍ ያስተምሩ። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ አይሞክሩት፤ የፀሐይ ብርሃን ምልክቱን ያውካል። መማር የሚቻለው ዋናው ሪሞት በሕይወት እያለ ብቻ ነውና የሪሲቨርዎ ሪሞት ሳይበላሽ አሁኑኑ ይቅዱት።