ባለ ዘቢቡ ስኮን በብሪታንያውያን የሻይ ገበታ

ስኮን ከስንዴ ዱቄት፣ ከቅቤና ከወተት የሚዘጋጅ፣ ያለ እርሾ በቤኪንግ ፓውደር የሚነፋ ትንሽ ክብ ዳቦ ሲሆን፣ በብሪታንያ ከሰዓት በኋላ ከሻይ ጋር ይቀርባል። ስኳር የሚገባበት በጥቂቱ ስለሆነ ከኬክ ይልቅ ለዳቦ ይቀርባል፤ በባለ ዘቢቡ ዓይነት ውስጥ ጣፋጭነቱን የሚሰጠው በዋናነት ፍሬው ነው።

መነሻው ስኮትላንድ ነው። ገጣሚው ጋቪን ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1513 ባጠናቀቀው የግጥም ትርጉም ውስጥ ስሙ ተጠቅሶ ይገኛል፤ ይሁን እንጂ የጥንቱ ስኮን ከአጃ ወይም ከገብስ ዱቄት ተለውሶ በብረት ምጣድ ላይ የሚጋገር ጠፍጣፋ ቂጣ ነበር። መልኩን የለወጠው 19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። መጀመሪያ ሶዳና አሬራ ሊጡን ማንሳት ጀመሩ፤ ቀጥሎም የበርሚንግሃሙ አልፍሬድ በርድ እርሾ ለማይስማማት ባለቤቱ ሲል እ.ኤ.አ. በ1843 ቤኪንግ ፓውደርን ቀመመ። የከሰዓት በኋላ ሻይ በባላባቶች ቤት የተለመደውም በዚያው አሥር ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ልማዱን ያስጀመረችው የቤድፎርድ መስፍን ባለቤት አና እንደሆነች ይነገራል።

የስኮን ሙያ ያለው ከግብዓቱ ይልቅ በእጅ አያያዙ ላይ ነው። ቀዝቃዛ ቅቤ በጣት ጫፍ ከዱቄቱ ጋር ታሽቶ የዳቦ ፍርፋሪ ሲመስል ስኳሩና ዘቢቡ ይጨመራሉ፤ ከዚያ ወተቱ ገብቶ ሊጡ እንዲያያዝ ያህል ብቻ ይለወሳል፤ በብዛት ከታሸ በዱቄቱ ውስጥ ያለው ግሉተን (ሊጡን የሚያለጥጠው ፕሮቲን) ይጠነክርና ስኮኑ እንደ ጎማ ይሆናል። ሊጡ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ውፍረት እንዲኖረው ተዳምጦ በክብ መቁረጫ ይቆረጣል። መቁረጫው ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት፤ ሲጫኑት ከተጠማዘዘ ወይም ከመጋገሩ በፊት ላዩ ላይ የሚቀባው እንቁላል ወደ ጎን ከፈሰሰ ስኮኑ አንድ ወገን ብቻ ተነስቶ ይጣመማል። ከሊጡ ላይ ብቅ ያሉ ዘቢቦች በ220 ዲግሪ ሙቀት አርረው ስለሚመሩ፣ ጠንቃቃ ጋጋሪዎች ወደ ውስጥ ይገፏቸዋል። አሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል።

አበላሉን በተመለከተ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ የታወቀ ክርክር አለ፤ የዴቮን ሰዎች ክሬሙን አስቀድመው ማርማላታውን ከላይ ያደርጋሉ፣ የኮርንዎል ሰዎች ደግሞ ተቃራኒውን። ክሬሙ ለረጅም ሰዓት በዝግታ ሞቆ የሚረጋ፣ ላዩ ቢጫ ቅርፊት የሚያበጅ ወፍራም ክሬም ነው፤ የኮርንዎሉ እ.ኤ.አ. በ1998 በአውሮፓ ሕግ የስም ጥበቃ ያገኘ ሲሆን፣ ቢያንስ 55 በመቶ ስብ ሊኖረው ይገባል። ክርክሩ ግን ይበልጥ የሚመለከተው ተራውን ስኮን ነው። በዘቢብ የጣፈጠ ስኮን ላይ ማርማላታ መደረብ ጣፋጭነቱን ያበዛዋል፤ ብዙዎች ጨው ያለበት ቅቤ ብቻ ቀብተው ይበሉታል፣ የተሻለውም ይኸው ይመስላል።

ስኮን በተጋገረበት ቀን ካልተበላ ቶሎ ይደርቃል። ያደረው ለሁለት ተከፍሎ በእሳት ጠበስ ይደረግና ትኩስነቱ ሳያልፍ ቅቤ ይቀባል።