«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»፦ አንድ ዳንቴል ያስረዳኝ አባባል

ይህን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ሁሌም «አትቸኩዪ» ማለት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አይመስለኝም። ሐሳቤን ያስቀየረኝ መሃሉ የተፈታ አንድ ዳንቴል ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እንየው። መታጠቅ ወገብን ማሰር ነው። ሴቷ መቀነት ትታጠቃለች፤ ወንዱ ድግ ይታጠቃል። ድግ ረጅም ጨርቅ ነው፣ ወገብ ላይ ደጋግሞ ይዞራል። ዘለበት የለው፣ ቁልፍ የለው። የሚይዘው ራሱ ዙሩ ነው። አንዱ ዙር ሌላውን ይጫነዋል፣ ጫፉ ደግሞ ወደ ውስጥ ይሸጎጣል። ቆሞ የሚታጠቅ ሰው ሆዱን ሰብሰብ፣ ጨርቁን ሳብ እያደረገ ያጠብቀዋል። እየሮጠ የሚታጠቅ ግን ዙሩን እኩል ሊያጠብቀው አይችልም። ጫፉንም በቅጡ አይሸጉጠውም። ለጊዜው የያዘ ይመስላል። መቀነት ላይ ደግሞ ብር ይቋጠራል፤ በተፈታ ዕለት የሚወድቀው ጨርቁ ብቻ አይደለም።

አሁን «ሲሮጡ» የሚለውን ልብ በሉ። ሁለት ጊዜ ተብሏል። የመጀመሪያው ጥፋቱ የተሠራበት ሰዓት ነው። ሁለተኛው ዕዳው የሚከፈልበት ነው። ቆሞ ለሚያወራ ሰው የላላ መቀነትም አይፈታበትም። የሚፈታው ሩጫው ሲመጣ ነው፤ ማለትም መቀነቱ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት። እዚህ ላይ ነው ይህ አባባል «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ከሚለው የሚለየው። ያፈሰሰ ሰው ወዲያው ያየዋል፣ ጎንበስ ብሎ ይለቅማል። ሲሮጥ የታጠቀ ግን ምንም አላየም። ደህና ነኝ ብሎ ነው የሚሮጠው።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሉት በችኮላ ስለተደረገ ጋብቻ ነው። ደግሞም ያምራል። «ፈታ» የሚለው ቃላችን ቋጠሮንም ይፈታል፣ ትዳርንም ይፈታል። ወረቀት ሳይጻፍ በሽርክና ስለተከፈተ ሱቅም ይባላል፣ መሠረቱ ሳይደርቅ ግድግዳው ስለቆመ ቤትም ይባላል።

ወደ ዳንቴሌ ልመለስ። ድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ፀሐዩ እስኪበርድ ድረስ ከጥላ የሚወጣ የለም። ከዚራ በዛፎቿ ትንሽ ትሻላለች፤ እኛ ሰፈር ግን ግድግዳው ራሱ ይተነፍሳል። በዚያ ሰዓት እጅን የሚያስይዝ ነገር ስፈልግ ነው ኪሮሽ የገዛሁት። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። በ1895 ዓ.ም. ከጂቡቲ በመጣ ባቡር ለተቆረቆረች ከተማ የፈረንሳይኛ ቃል እንግዳ አይደለም። ከቀፊራ ገበያ ነጭ ክር ገዛሁ፣ እናም ለረከቦቴ ክብ ዳንቴል ልሠራ ተነሳሁ።

ክብ ዳንቴል የሚጀመረው ከመሃል ነው። ክሩን ጣት ላይ ጠምጥመህ ቀለበት ትሠራለህ፣ ቀለበቱ ውስጥ 6 ቋጠሮ ትሠራለህ፣ ከዚያ የክሩን ጫፍ ስትስበው መሃሉ ጥብቅ ብሎ ይዘጋል። በሁለተኛው ዙር በእያንዳንዱ ቋጠሮ ላይ ሁለት ሁለት ትሠራለህ፤ 12 ይሆናል። ከዚያ 18፣ 24፣ 30 እያለ በየዙሩ 6 ይጨምራል። ለምን 6? ክብ ነገር በአንድ ዙር ሲሰፋ ዙሪያው የሚጨምረው የዙሩን ቁመት 6 እጥፍ ከትንሽ ነው። አጭሩ ቋጠሮ ቁመቱና ስፋቱ ስለሚቀራረብ 6 ይበቃዋል። ረጅሙ ቋጠሮ ቁመቱ እጥፍ ያህል ስለሆነ ብዙውን ጊዜ በ12 ይጀመራል። መጨመሩን ከረሳህ ዳንቴሉ እንደ ኮፍያ ይጎብጣል። ካበዛህ ደግሞ ጠርዙ እንደ ጎመን ቅጠል ይሽበሸባል። ዙሩን ሳትዘጋ እየተጠማዘዝክ ከሄድክ ደግሞ መጀመሪያህ ይጠፋብሃል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ቋጠሮ ላይ የሌላ ቀለም ክር ቁራጭ አንጠልጥል። እኔ ሦስት ቀን ከፈጀብኝ በኋላ ነው ይህን ያወቅሁት።

የኔ ግን አልጎበጠም፣ አልተሸበሸበም። ዘጠነኛው ዙር ላይ 54 ቆጠርኩ፣ ልክ ነበር። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ፎቶ ሁሉ አነሳሁት። ከዚያ አጠብኩት። ስጨምቀው መሃሉ ተከፈተ። መጀመሪያ ምስር የምታሾልክ ቀዳዳ ነበረች፤ ሳሰጣው አውራ ጣቴ ገባ።

ጎረቤታችን እማማ ሐረር ያደጉ ናቸው፤ ስፌት ይሰፋሉ። (እዚህ ላይ እንደ ጽሑፍ ወግ አንቱ አልኳቸው እንጂ ፊት ለፊት አንቱ ብላቸው ይቆጡኛል። ድሬ ላይ አንቱታ የሚያርቅ እንጂ የሚያከብር አይመስልም።) ዳንቴሉን ሰጠኋት። ሌላ ሰው ቢሆን ጠርዙን ነበር የሚያየው። እሷ ገልብጣ መሃሉን አየች። ነካ ነካ አደረገችውና፦

«ጫፉ የታለ?» አለችኝ።

«ቆረጥኩት።»

«ስንት አስቀርተሽ?»

ጥፍሬን አሳየኋት። ሳቀች። «አየሽ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀለበቱን የዘጋው የክሩ ጫፍ ብቻ ነው። ያ ጫፍ ቢያንስ አንድ ጣት ያህል ሊተርፍና በመርፌ በቋጠሮዎቹ ሥር ሊሸጎጥ ይገባል። በአንድ በኩል ብቻ ከሄደ ክሩ በመጣበት መንገድ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ አንዴ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ መልሰህ ወደ ግራ። እኔ ቶሎ ሁለተኛው ዙር ላይ ልድረስ ብዬ ስቤ ቆረጥኩት፤ የድጉን ጫፍ ሳይሸጉጥ እንደሮጠው ሰውዬ። ዘጠኝ ዙር ሙሉ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ውሃና መጭመቅ ሲመጣ ለቀቀኝ።

እማማ ከውስጥ አንድ ስፌት አምጥታ አሳየችኝ። የሐረር ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት ዓይነት ነው፣ ቀይና አረንጓዴው የደመቀ። እሱም ከመሃል ይጀምራል፤ ሣሩ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየተጠቀለለ ይሰፋል። በጥፍሯ መሃሉን ጫን አደረገችው። የጣት ራስ የምታህለው ያቺ እምብርት ከእንጨት ትጠነክራለች። ወስፌው እንኳ እዚያ ጋ በግድ ነው የሚገባው አለችኝ። ጠርዙ ላይ ግን እጇ ይፈጥናል፤ ወሬ እያወራች፣ ቡና እየጠበቀች ትሰፋለች። ቀርፋፋ ሴት አይደለችም። አባባሉን ስትነግረኝ አትሩጪ ማለቷ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው። መታጠቂያው ጋ ብቻ ቁሚ ነው ያለችኝ።

በማግሥቱ ሁለተኛውን ጀመርኩ። የመጀመሪያዋ 6 ቋጠሮ ብቻ ግማሽ ሰዓት ወሰደችብኝ። ጫፉን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ስላላመንኩት ደግሞ እንደገና ወደ ቀኝ ሸጎጥኩት። እማማ ጋ ይዤው ሄድኩ። በሁለት አውራ ጣቶቿ መሃሉን ወጥራ ሳበችው፤ ንቅንቅ አላለም።

«በይ አሁን ሩጪ» አለችኝ።

ሮጥኩ። በሁለት ቀን ከሰዓት አስራ አንደኛው ዙር ላይ ደረስኩ። ክሩ እዚያ ላይ አለቀብኝ። ቀፊራ ተመልሼ ብሄድ ያንኑ ነጭ አጣሁት፤ ያለው ሁሉ ትንሽ ክሬም ይላል። ከአስራ ሁለተኛው ዙር ጀምሮ ዳንቴሌ ባለ ሁለት ቀለም ነው። ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ሆን ብዬ ነው እላለሁ።