የቼይንሶው ባር፦ አሠራሩ፣ ቅባቱና እንክብካቤው

በሞተር መጋዝ ወይም በተለምዶ አጠራሩ በቼይንሶው ላይ ባር የሚባለው ከሞተሩ ወደ ፊት የሚወጣውና ሰንሰለቱ ዙሪያውን የሚሽከረከርበት ረጅም ጠፍጣፋ ብረት ነው። ጠርዙን ተከትሎ ጠባብ ቦይ የተቆፈረለት ሲሆን፣ ከሰንሰለቱ ሥር የወጡት ነጂ ጥርሶች በዚህ ቦይ ውስጥ እየተንሸራተቱ ሰንሰለቱ ከመስመሩ እንዳይወጣ ያደርጋሉ። ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ሰንሰለቱ በሴኮንድ 20 ሜትርና ከዚያ በላይ ይጓዛል። በዚህ ፍጥነት የሚፋተጉትን ሁለቱን ብረቶች የሚለያያቸው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። መጋዙ አልቆርጥ ሲል ሞተሩና የሰንሰለቱ ስለት ቀድመው ይጠረጠራሉ፤ ባሩ ግን ከሁለቱ የማያንስ ድርሻ እያለው የሚገባውን ትኩረት አያገኝም።

በሰንሰለት የሚሠራ መጋዝ መነሻው ሕክምና ነው። ጀርመናዊው በርንሃርድ ሃይነ እ.ኤ.አ. በ1830 ገደማ አጥንት መቁረጫ ባለ ሰንሰለት መሣሪያ ሠርቷል፤ ቀዳሚነቱን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለነበሩ ሁለት የስኮትላንድ ሐኪሞች የሚሰጡም አሉ። ለእንጨት ሥራ የዋለው መጋዝ ታሪክ በይበልጥ ተመዝግቦ የሚገኘው በጀርመን ነው። አንድሬያስ ስቲል እ.ኤ.አ. በ1926 በኤሌክትሪክ የሚሠራ መጋዝ አወጣ። በተከታዩ ዓመት ኤሚል ሌርፕ በቱሪንጊያ በሚገኘው የዶልማር ተራራ ላይ 58 ኪሎ ግራም የሚመዝን የቤንዚን መጋዝ ሞከረ፤ ኩባንያውም ስሙን ከተራራው ወሰደ። ስቲል የራሱን የቤንዚን መጋዝ ያወጣው በ1929 ሲሆን ክብደቱ 46 ኪሎ ግራም ነበር። እነዚህን መጋዞች የሚይዟቸው ሁለት ሰዎች ሲሆኑ፣ ረዳቱ የሚጨብጠው እጀታ በባሩ ጫፍ ላይ ይገጠም ነበር። አንድ ሰው ብቻውን የሚይዘው የስቲል መጋዝ በ1950፣ 12 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነውና ኮንትራ የተባለው ሞዴሉ ደግሞ በ1959 ወጣ። በመካከሉ፣ በ1946፣ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ጆሴፍ ኮክስ የተባለ እንጨት ቆራጭ በአንድ ጉቶ ውስጥ የጥንዚዛ እጭ መንጋጋውን ግራና ቀኝ እያፈራረቀ እንጨቱን ሲቦረቡር ተመልክቶ፣ ይህንኑ የሚመስል ሰንሰለት ሠርቶ በ1947 ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በየባሩ ላይ የሚሽከረከረው ሰንሰለት ቅርጹን ያገኘው ከዚያ ነው፤ ፈልሳፊው ራሱ መጋዝ ይዞ ጫካ የሚውል ሠራተኛ እንደነበር ሊታወስ ይገባል።

በቀድሞዎቹ መጋዞች ሠራተኛው በአውራ ጣቱ ቁልፍ እየተጫነ ዘይቱን ይልክ ነበር፤ በአሁኖቹ ላይ ፓምፑ ከሞተሩ ኃይል እየወሰደ ይህንኑ ይሠራል። ዘይቱ በባሩ ሥር ባለች ትንሽ ቀዳዳ ወደ ቦዩ ይገባና ነጂዎቹ ጥርሶች በላይኛው ጠርዝ በኩል ወደ ጫፉ ይወስዱታል። እዚያ ሰንሰለቱ ሲታጠፍ ከፊሉ ተወርውሮ ስለሚባክን ወደ ታችኛው ጠርዝ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ዋናውን የመቁረጥ ጫና የሚሸከመው ደግሞ ይኸው የታችኛው ጠርዝ በመሆኑ ቀድሞ ያልቃል፤ ሰንሰለቱ በተሞረደ ቁጥር ባሩን ገልብጦ መግጠም የሚመከረውም ለዚህ ነው። የባር ዘይት ከሌላው ዘይት የሚለየው በቀላሉ እንዳይወረወር የሚያጣብቅ ነገር ስለሚጨመርበት ነው። በማይገኝበት ቦታ የካምቢዮ ዘይት ቁጥር 90 መጠቀም እንደሚቻል የአንዳንድ አምራቾች መመሪያ ይፈቅዳል። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት ግን ምንም ያህል ርካሽ ቢሆን መጠቀም አይገባም፤ በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ፓምፑንና ቦዩን ይበላል፣ ቆዳ ላይ ሲደጋገምም ለካንሰር የሚያጋልጡ ውህዶችን ይዟል።

ለባሩ የተላከ ዘይት ወደ መጋዙ የዘይት ጋን አይመለስም፤ ሁሉም ሰጋቱራውና አፈሩ ላይ ይቀራል። ኦስትሪያ ከማዕድን ዘይት የተሠራ የመጋዝ ቅባትን የከለከለችው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ በአውሮፓ ከጎመን ዘር የሚዘጋጅ ቅባት በስፋት ይሠራበታል። በእኛ አገር የሚቀርበው የኑግ ዘይት ለዚህ አይመችም፤ አየር ሲያገኝ የሚደርቅ ዓይነት ስብ ስለሚበዛበት ወደ ሙጫነት ይለወጣል። ለመጋዝ የተዘጋጀው የአትክልት ዘይትም ቢሆን ለወራት ጋኑ ውስጥ ከተተወ ፓምፑን ሊይዘው ይችላል።

ዘይቱ መድረሱ የሚታወቀው በቀላል ሙከራ ነው። የባሩ ጫፍ አዲስ ከተቆረጠ የባሕር ዛፍ ጉቶ ነጭ ገጽ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ ምንም ሳይነካ፣ ሞተሩ ለጥቂት ሴኮንዶች ከፍ ተደርጎ ይነዳል፤ ጋኑ ዘይት እያለው ጉቶው ላይ ጥርት ያለ የዘይት መስመር ካልታየ ቀዳዳው ወይም ፓምፑ ተደፍኗል ማለት ነው። ይህ ሲሆን ሞተሩ ጠፍቶ ባሩ ይወልቃል፤ ዘይት የጠጣው ሰጋቱራ ቦዩ ውስጥ እንደ ጭቃ ተጋግሮ ስለሚገኝ በቀጭን ብረት ከሥር ወደ ጫፍ ተጠርጎ ይወጣል፣ ቀዳዳውም በሽቦ ይከፈታል። በጠርዙ ላይ ወደ ውጭ የተጣመመ ስለታም ብረት ካለ በጠፍጣፋ ሞረድ ይነሣል፤ እጅን ክፉኛ ስለሚቆርጥ ጓንት ያስፈልጋል። ጠርዙ ሰማያዊ መልክ ካመጣ ባሩ ያለ ዘይት ሠርቷል ወይም ሰንሰለቱ ከመጠን በላይ ተወጥሯል።

ውጥረቱ የሚስተካከለው የባሩን ጫፍ ወደ ላይ ይዞ ሲሆን ባሩን የሚይዙት ዳዶዎች የሚጠብቁትም ጫፉ እንደተያዘ ነው። ሰንሰለቱ የታችኛውን ጠርዝ ነክቶ በእጅ ሲጎተት ያለ ችግር መንቀሳቀስ አለበት። በሥራ ላይ እንደጋለ የተወጠረ ሰንሰለት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር፣ ሥራ ሲያበቃ ሊላላ ይገባል። ጫፉ ላይ ያለችውን ጥርሳም መዘውርና ኩሽኔታዋን በግራሶ ስለማርካት አምራቾች አንድ ሐሳብ የላቸውም፤ የግራሶ ቀዳዳ ያለው ባር ግን ግራሶ ሊነፈገው አይገባም።

ባር የሚጣልበት ጊዜ በቦዩ ጥልቀት ይለካል። በስቲል መመሪያ መሠረት ዝቅተኛው ጥልቀት ለትንሹ የፒኮ ሰንሰለት 5 ሚሊ ሜትር፣ ለመደበኛው የ3/8 ኢንች ሰንሰለት (ቁጥሩ የሰንሰለቱን ማያያዣዎች ርቀት ይገልጻል) 6፣ ለ0.404 ኢንች ደግሞ 7 ነው፤ ከዚህ ካነሰ ነጂዎቹ ጥርሶች የቦዩን ወለል መፋቅ ይጀምራሉ። ቦዩ ወደ ጎን ሲሰፋም ሰንሰለቱ ያጋድላል፣ ቁርጡም ይጣመማል፤ ስለቱን ምንም ያህል ቢሞርዱት ይህ አይቃናም።